የእማሆይ ወለተጊዮርጊስ ነጭ ክር

እማሆይ ወለተጊዮርጊስ በሕይወታቸው የራሴ ነው የሚሉት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲሞቱ የሚለብሱት መግነዝ። ሌላው ሁሉ የሰው ነው። የሚተኙበት ክፍል የልጃቸው የወንዳወቅ፣ የሚበሉበት ሳህን የምራታቸው የሠርክአዲስ። የሚሞቋት ፀሐይ እንኳ ጎረቤቱ ፎቅ ከሠራ ወዲህ የእሱ ሆናለች፤ ረፋድ ላይ በረንዳው ላይ ትመጣለች፣ ቀትር ሳይሆን ትሄዳለች።

መግነዛቸውን ግን በገዛ እጃቸው ነው የፈተሉት። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ባላቸው አዛናው እንዴት እንደተቀበሩ መስማት ያስፈልጋል።

አዛናው የሞቱት ከሽንዲ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ መንደር፣ በሐምሌ ዝናብ ነው። ወባ ሦስት ቀን አንቀጥቅጣ ገደለቻቸው። ቤት ውስጥ አስከሬን የሚጠቀለልበት ጨርቅ አልነበረም፤ ያለችውንም ጋቢ በሕመማቸው ለብሰው አበላሽተዋታል። አንድ ጎረቤት የራሱን ጋቢ አምጥቶ በእሱ ተገነዙ። ጎረቤቱ ደግ ሰው ነበር። ሚስቱ አልነበረችም። አርባው ሳይወጣ፣ ወንዝ ዳር ሴቶቹ ተሰብስበው ልብስ ሲያጥቡ፣ «የእኛንማ ጋቢ መሬት በላው» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እማሆይ ያኔ አቻምየለሽ ይባሉ ነበር፤ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠው የሟቹን ሸሚዝ እያጠቡ ነበር። ቀና አላሉም። ሸሚዙን እስኪሳሳ ድረስ አሹት።

«እኔን የሰው ጨርቅ አይሸፍነኝም» አሉ ወደ ቤታቸው ሲገቡ። ቤት ውስጥ ከወንዳወቅ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ እሱም ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ነበር።

ልጁ አድጎ፣ ተምሮ፣ መንግሥት ሥራ ከያዘ በኋላ እሳቸው መነኮሱ፤ ቆቡን እንደደፉ እንዝርታቸውን አነሱ። ጥጡን ከቡሬ ገበያ በትንሽ በትንሹ እየገዙ፣ ፍሬውን እያወጡ፣ እያባዘቱ ፈተሉ። እሑድ አይፈትሉም፣ በዓል አይፈትሉም። ሰው ባኮረፉ ቀንም እንዝርት አይነኩም ነበር፤ ቂም የገባበት ክር ይዤ ከፈጣሪ ፊት አልቀርብም እያሉ። አኩራፊ ስለነበሩ ሥራው አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ። ሲያልቅ ልቃቂቱን በሙሉ አዝለው ግሽ ዓባይ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ጠበል ነክረው፣ እዚያው አድርቀው፣ አሪቲ ጣል አድርገውበት በከረጢት ቋጠሩት።

ፈትሉ ሲያልቅ ዓይናቸውም አብሮ አለቀ። ሞራ ጋረደው። ወንዳወቅ መጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣቸው፤ መሬቱ በእኩል እንዲታረስ ለዘመድ ተሰጠ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ተነቅሎ ተሸጠ። መመለሻ አልተረፈም።

እንግዲህ መልአክ አልነበሩም። ምራታቸውን ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ወጥሽ ውኃ ውኃ ይላል» አሏት። ሠርክአዲስ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ስትስቅ ትውልና ቤት ስትገባ ሳቁ ያልቅባታል። የዚያን ቀን «ካልተመቸዎት ሽንዲ ሩቅ አይደለም» ብላ መለሰችላቸው። ቆርቆሮው መነቀሉን እያወቀች ነው የተናገረችው። እማሆይ ከዚያ በኋላ ስለ ወጥ አላነሱም።

ከረጢቱን ግን የሰጡት ለእሷ ነው። ሌላ ማን አለ? ጅጋ ውስጥ ቂርቆስ የሚባል ሸማኔ ነበር፤ እጁን የሚያምኑት እሱን ብቻ ነው። «ልጄ፣ ይኸን ለቂርቆስ አድርሽልኝ፤ ለምን እንደሁ እሱ ያውቃል» አሏት። ሠርክአዲስ «እሺ» ብላ ከረጢቱን ቁምሳጥኑ አናት ላይ አኖረችው። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ነበርና እውነትም ጅጋ መሄድ አይቻልም ነበር። መንገዱ ሲከፈት ግን «ሰጥቼዋለሁ፣ ተራ እየጠበቀ ነው» ማለት ከመሄድ ይልቅ ቀለላት። ውሸቱ ሁለት ዓመት ሞላው።

በኅዳር የሠርክአዲስ መሥሪያ ቤት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣች፤ ሕሊና ትባላለች፣ ከባሕር ዳር ነው የተዛወረችው። ዘንድሮ የገና ዛፋችን በቻይና ኳስ አያጌጥም፣ የእጅ ሥራ እንስቀልበት አለች። ሠርክአዲስ ኪሮሽ ትችላለች፤ ተማሪ ሳለች የሶፋ ዳንቴል ሠርታ የክፍል ጓደኞቿን አስቀንታለች። አንድ የእድገት ቦታ ክፍት እንደነበረም ታውቃለች። ስልኳ ላይ ስትፈልግ አንዲት ፊቷ የማይታይ የፈረንጅ ሴት አገኘች፤ ሁለት እጆቿ ብቻ ይታያሉ፣ አትናገርም፣ በኪሮሽ የበረዶ ሰው ትሠራለች። ክብ ሆድ፣ ክብ ጭንቅላት፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ቀይ የአንገት ልብስ። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ያንሳል።

ቀይም ጥቁርም ክር ከሱቅ ተገኘ። ነጭ ጠፋ። ፍኖተ ሰላምን ከላይ እስከ ታች አካለለች፤ ነጭ ያሉት ሁሉ አመዳም ናይሎን ነው። ቡሬ ላለች ጓደኛዋ ደወለች፣ እዚያም የለም። ከዚያ ቁምሳጥኑን ቀና ብላ አየች።

አንድ ልቃቂት ብቻ ነው፣ ለናሙና፣ በኋላ እተካዋለሁ አለች ለራሷ። እኔ አምናታለሁ፤ በዚያች ደቂቃ እውነቷን ነበር። ከረጢቱን ስትፈታ የአሪቲው ሽታ ወጣ። ፈትሉ ቀጭን ነው፣ እኩል ነው፣ ነጭነቱ ዓይን ይወጋል። ክሩን ሦስት አድርጋ ደርባ ያዘች። ጣቷ ላይ ሁለቴ አዙራ ቀለበት ሠራች፣ በቀለበቱ ውስጥ ስድስት ቋጠሮ አስገባች፣ ጫፉን ስትስበው ቀዳዳው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ከዚያ በየዙሩ ስድስት እየጨመረች አሰፋችው፣ ሲበቃው ሳትጨምር ዞረች፣ ከዚያ እየቀነሰች አጠበበችው። ሊዘጋ ሲል ጥጥ ጠቀጠቀችበት። ሆዱ ሆነ። ጭንቅላቱን በላዩ ጀመረች። ለዓይን ከወንዳወቅ አሮጌ ሸሚዝ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ነቀለች።

ሕሊና ባየችው ጊዜ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሠርኬ፣ ይኼን አንቺ ነሽ የሠራሽው? ነጭነቱ! ሃያ አራት ሥሪልኝ፤ ለዛፉም፣ ለትልልቅ ደንበኞችም።» ሠርክአዲስ ሃያ አራት ለሚለው ቃል እሺ ስትል ከረጢቱ ውስጥ ስንት ልቃቂት እንዳለ በልቧ ታሰላ ነበር። ለሸማኔ የሚተርፍ እንደማይኖር ገባት። ገብቷትም እሺ አለች።

ጊዜ አጠረና ሥራውን የምታግዛት ሰው አስፈለጋት። ጥጡ ሳይባዘት ሲጠቀጠቅ ሆዱ ይጎረብጣል። አንድ የዕረፍት ቀን ረፋድ ላይ ገዝታ ያመጣችውን ጥጥ ይዛ ወደ በረንዳው ወጣች።

«እማሆይ፣ ጥጥ ያባዝቱልኛል?»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። እዚያ ቤት ከገቡ ጀምሮ ሥራ ያዘዛቸው አልነበረም። «ምን ልታደርጊው ነው?»

«አሻንጉሊት እየሠራሁ ነው። የበረዶ ሰው።»

«በረዶ ሰው ሁኖ?»

«ውጭ አገር በረዶው ለስላሳ ነው አሉ። ልጆች ክብ ክብ እያደረጉ ሰው ይሠሩበታል።»

«እኔ የማውቀው በረዶ ጤፌን ባንድ ከሰዓት ድምጥማጡን ያጠፋው ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ዳኛ ፊት አቆመው ነበር።» ትንሽ አሰቡና ጠየቁ። «ከሠሩት በኋላስ ምን ይሆናል?»

«ይቀልጣላ።»

«ሳይቀበር?»

ሠርክአዲስ ሳታስበው ሳቀች። እማሆይም ሳቁ። አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ወንዳወቅ ከውስጥ ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ አለ።

ያን ሁለት ሳምንት እማሆይ ደስተኛ ነበሩ። ይኼን ስጽፍ እጄ ያመነታል፣ ግን ነበሩ። ጣቶቻቸው ሥራቸውን አልረሱም፤ ጥጡን እየዘረዘሩ፣ እየነፉ፣ እንደ ጉም አሳስተው በቅርጫት ይደረድሩላታል። ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ኪሮሹ ሲጠልፍና ሲስብ የሚያሰማውን ድምፅ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ «እስቲ ልዳስሰው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሠርክአዲስ «አላለቀም፣ ይፈታብኛል» ብላ ሸሸች። አልጠረጠሩም። አንድ ጊዜ ደግሞ «ቂርቆስ ምን አለሽ?» ሲሉ ጠየቁ። «ከገና በኋላ ይደርሳል ብሏል» አለች፤ ይኼን ስትል የያዘችው ዙር ተሳስቶባት ፈታ እንደገና ጀመረችው።

እንግዲህ በአሮጊቷ በራሳቸው የመግነዝ ክር የተሠራው ሆድ በራሳቸው እጅ ባባዘቱት ጥጥ ሲሞላ ከረመ። ተመስገን ይሉ ነበር፣ ለሥራ የሚፈልገኝ ሰው አገኘሁ እያሉ።

በገና ዋዜማ ረፋድ ላይ ሠርክአዲስ ሃያ አራቱን አስረክባ ተመለሰች። ሕሊና አንዱን ጭንቅላቱ ዘመም ብሏል ብላ መልሳላታለች። ሠርክአዲስ ልትጥለው አሰበችና ወደ በረንዳው ሄደች። ለመልካም ነው የሄደችው። ለሰው መልካም ስታደርግ ደግሞ የምትጥለውን ነው የምትሰጠው፤ ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን።

«እማሆይ፣ ይኼ የእርስዎ ነው። የገና ስጦታ። ለደከሙበት።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ መረቁ። «ከዘመን ዘመን ያሸጋግርሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ።» ከዚያ ይዳስሱት ጀመር። መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ ጭንቅላቱን። ጣታቸው አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ። ፈትል ለፈታዩ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ የት እንደወፈረ፣ የት ተበጥሶ እንደተቀጠለ ያውቃል። በመጨረሻው ዓመት ዓይናቸው እየደከመ የፈተሉት ክር ጓል ጓል ይል ነበር። ጓሉን አገኙት። አሻንጉሊቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። አሪቲ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይኸን ክር ከየት ገዛሽው?»

«ከሱቅ ነው፣ እማሆይ።»

«ጥሩ ክር ነው።»

«አዎ፣ ጥሩ ነው» አለች ሠርክአዲስ፣ እቃ ረስቻለሁ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። አሮጊቷ እስከ ቀትር ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። ፀሐይዋ ሄደች፤ እሳቸው ጥላው ውስጥ ቁጭ ብለው ቀሩ። ልባቸው ተሰብሮ ነበር። ወንዝ ዳር ያች ሴት ስትስቅ እንኳ እንዲህ አልተሰበረም፤ ያኔ ወጣት ነበሩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ይፈትሉበት ዘንድ ጊዜ ነበራቸው።

በነጋው፣ በገና ከሰዓት፣ ወንዳወቅ አጠገባቸው ሲቀመጥ ያዙት።

«ልጄ፣ ሚስትህ ፈትሌን አሻንጉሊት አደረገችው።»

ወንዳወቅ ከረጢቱ ከቁምሳጥኑ ላይ መጥፋቱን አይቷል፤ አልጠየቀም። «እሷም ክፉ አስባ አይደለም፣ እናቴ። ሌላ ይገዛል። አቡጀዲ በየሱቁ ሞልቷል።»

«አቡጀዲ የሰው ነው።»

«ከተገዛ በኋላማ የአንቱ ነው። ደግሞ ለሞተ ሰው ምን ልዩነት አለው?»

ይኼን ያለው ክፉ ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደተናገረ ያውቃል። ወንዳወቅ ስልኩን እያየ ነበር።

እማሆይ በማግሥቱ በረንዳው ላይ ፀሐይዋ ስትመጣ የበረዶውን ሰው ጭናቸው ላይ አስተኝተው ጫፉን ይፈልጉ ጀመር። የኪሮሽ ሥራ ጫፉ እስኪገኝ ነው፤ ከተገኘ በኋላ ራሱ እየተፈታ ይመጣል። ባርኔጣውን አነሱ፣ ቀዩን የአንገት ልብስ ፈቱ፣ ቁልፎቹን በጥርሳቸው በጠሱ። ጫፉን በሁለተኛው ቀን አገኙት። ጭንቅላቱ ዙር በዙር ተተረተረ፣ ከዚያ ሆዱ። ያባዘቱት ጥጥ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሠርክአዲስ ከሥራ ስትመለስ ጥጡን አየችው። ፊቷ ቀላ። «ሰው የሰጠውን ስጦታ እንዲህ ያደርጋል? ስንት የደከምኩበትን?»

«ጣቴ ሥራ ፈትቶ ነው፣ ልጄ።»

«እርጅና ነው» አለች በዚያው ምሽት ለጓደኛዋ በስልክ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «አእምሯቸው እየሄደ ነው መሰለኝ። ቀዩን ክር እንኳ አትርፌዋለሁ።»

አሮጊቷ ሰሙ። ክሩ እጃቸው ውስጥ ነበር። ሰውነት ለመሸፈን የማይታሰብ ነው፣ አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ አይወጣውም። ግን አስከሬን ሲገነዝ የእጅና የእግር አውራ ጣቶች በክር እንደሚታሰሩ ያውቃሉ፤ ስንቱን አስረዋል። በአውራ ጣታቸው ላይ እያዞሩ ለኩት። ይበቃል። ይተርፋልም። ሌላው የሰው ጨርቅ ይሁን፣ ጣቶቼን የሚያስረኝ የራሴ ክር ነው አሉ። ከጥፋቱ ሁሉ ይህችን ቆንጥረው አወጡ፤ እሷም በቃቻቸው።

የት ያኑሩት? ከረጢት ይፈታል፣ ትራስ ይራገፋል። እዚያ ቤት እጅ የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፣ አንገታቸው። ክሩን አክርረው ጎነጎኑና ማተባቸው ላይ ጠመጠሙት። የክርስቲያን ማተብ የሚነካ የለም።

ይኼን የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ጎረቤታቸው እንቁ የሰፈሩን ሴቶች አስከሬን አጥባ የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ለእሷ ቢነግሯት ነገሩ ባለቀ። አልነገሯትም። እንቁ ለምን ብትል ምን ሊሉ ነው? ምራቴ መግነዜን ለባንክ ዛፍ ሰቀለችው ሊሉ? ሴቶች ውኃ ዳር ተሰብስበው የሰው ቤት ጉድ ሲስቁበት ምን እንደሚመስል ያውቁታል። የልጃቸው ስም እንዲነሳ አልፈለጉም። ስለዚህ ለልጃቸው ነገሩት።

«ወንዳወቅ፣ አንገቴ ላይ ያለው ወፍራሙ ክር ማተብ አይደለም። የሞትኩ ቀን ይውለቅና ጣቶቼ ይታሰሩበት። ለእንቁ ንገራት።»

«እሺ፣ እናቴ።»

«ምን አልኩህ?»

«ክሩን፣ ለጣት። እሺ አልኩ እኮ።»

የሞቱት ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ጠዋት። ብርድ መቷቸው ሁለት ቀን ተኙ፣ በሦስተኛው ዝም አሉ። ድንኳን ተተከለ። የባንኩ ሠራተኞች በሕሊና መሪነት መጡ፤ የበረዶ ሰዎቹ እስካሁን ዛፉ ላይ ናቸው፣ ደንበኛው ሁሉ ፎቶ እያነሳቸው ነው ብላ ሕሊና ለሠርክአዲስ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ለማጽናናት ነው። ወንዳወቅ ሰው ልኮ አቡጀዲ ከሱቅ አስቀደደ። ስስ ነበር፣ የሙጫው ሽታ ገና አልለቀቀውም።

ውስጥ እንቁ ከሁለት ሴቶች ጋር አስከሬኑን አጥባ ጨረሰች። አንደኛዋ አንገታቸውን አይታ «ይኼ ማተባቸው እንዴት ወፍራም ነው» አለች፣ እጇን ሰደድ አድርጋ።

«ተይ! ማተብ አይነካም» አለች እንቁ። ሴትዮዋ እጇን ሰበሰበች። «ሠርክአዲስ፣ ክር አምጭልኝ፣ ጣታቸውን የማስርበት።»

ሠርክአዲስ እያለቀሰች መሳቢያ ከፈተች፣ ሌላ መሳቢያ ከፈተች። ከእውነቷ ነበር የምታለቅሰው። ተመልሳ የዘረጋችው ቀይ ክር ነው፤ የአንገት ልብስ ከሠራችበት የተረፈው።

እንቁ ክሩን አየችው፣ እሷንም አየቻት። «ቀይ? ምነው፣ ነጭ የለሽም?»

«ነጩ አልቋል» አለች ሠርክአዲስ።

ወንዳወቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክር ሲባል ሰማ። ስለ ክር እናቱ የነገሩት አንድ ነገር እንደነበረ ትዝ አለውና ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ፤ ምን ነበር? ሊመጣለት ሲል የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከድንኳኑ ገብቶ እጁን ዘረጋለት። «እግዜር ያጽናህ፣ ወንዳወቅ።» ወንዳወቅ ዞሮ እጁን ጨበጠ፣ ይዞትም ወደ ድንኳኑ ወጣ።

እንቁ የእማሆይን ሁለት አውራ ጣቶች አንድ ላይ አድርጋ ቀዩን ክር ሦስት ጊዜ አዞረችባቸውና ቋጠረችው። ትርፉን በጥርሷ በጥሳ ወደ እግራቸው ሄደች።